የሰው ወርቅ ያደመቀው ስንት ይክፈል?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ተረቱ፡፡ በንግድ ዓለም ግን የሰው ወርቅ ለጊዜውም ቢሆን ያደምቃል፡፡ አንድ ነጋዴ ለዓመታት ጥራት ጠብቆ፣ ማስታወቂያ አስነግሮና ደንበኛ አፍርቶ ያስለመደውን ስም ሌላው በራሱ ዕቃ ላይ ቢለጥፈው፣ ዕቃው ያለብዙ ድካም ይሸጥለታል፡፡ ገዢው ከመደርደሪያው ላይ የሚያነሳው በስሙ ተማምኖ ነውና፡፡

እንዲህ ያለው ድርጊት ሕገወጥ ስለመሆኑ ብዙም ክርክር አይነሳም፡፡ ክርክሩ የሚከብደው ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው፡፡ ጥሰቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚከፈለው ካሳ ስንት ነው? በምንስ ይሰላል?

በጥብቅና ሥራዬ እንደማየው ብዙ ነጋዴዎች ወደ ጠበቃ ቢሮ ሲመጡ የካሳውን መጠን ቀድመው ወስነው ነው፡፡ «10 ሚሊዮን ብር ብለህ ጻፍልኝ» ይላሉ፡፡ ለምን 10 ሆነ? ለምን 3 ወይም 20 አልሆነም? ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው «ስሜን አበላሽቶታል፣ ገበያዬን ዘግቶታል» የሚል ነው፡፡ ንዴቱ ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን ንዴት ማስረጃ አይሆንም፡፡ የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ በመሆኑ በግምት የተጋነነ አኃዝ ገና ከመነሻው ከሳሹን ያስወጣል፡፡ መጨረሻ ላይም ጥሰቱን በሚገባ ያስረዳ ከሳሽ ጉዳቱን በቁጥር ማስረዳት ሲያቅተው ፍርዱን አሸንፎ ኪሱ ባዶ ሊቀር ይችላል፡፡ በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ሐሳብ አንድ ነው፡፡ ካሳ የሚሰላው «ጥሰቱ ባይፈጸም ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ በሰነድ መልስ በመስጠት ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የአገራችን የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የምልክትን ባለቤትነት ከምዝገባ ጋር አያይዞታል፡፡ መዝጋቢው አካል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሆኖ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፡፡ መብቱ የተጣሰበት ሰው ድርጊቱ እንዲቆም ከሚሰጠው ትዕዛዝ በተጨማሪ ካሳ መጠየቅ እንደሚችል የአዋጁ አንቀጽ 40 ይደነግጋል፡፡ ድንጋጌው ለካሳው መጠን ሁለት መለኪያዎችን አስቀምጧል፡፡ አንደኛው ተከሳሹ ከጥሰቱ ያገኘው የተጣራ ትርፍ ነው፡፡ ሁለተኛው ተከሳሹ በምልክቱ የተጠቀመው በፈቃድ ውል ቢሆን ኖሮ ይከፍለው የነበረው ሮያሊቲ ነው፡፡ በሁለቱም ላይ ወለድ ይታከላል፡፡

ልብ እንበል፤ ሁለቱም መለኪያዎች የሚመለከቱት ወደ ተከሳሹ ኪስ ነው፡፡ ከሳሹ ከገበያው ያጣው ገንዘብስ? እዚህ ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመጣል፡፡ በአንቀጽ 2091 መሠረት ካሳው ተጎጂው ከደረሰበት ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፡፡ አንቀጽ 2102 ደግሞ የጉዳቱን ትክክለኛ መጠን ማወቅ ሳይቻል ሲቀር ዳኞች የነገሮችን የተለመደ አካሄድና ተጎጂው የወሰዳቸውን እርምጃዎች ተመልክተው በርትዕ እንዲወስኑ ይፈቅዳል፡፡ ስለዚህ ባጣሁት ሽያጭ ልክ ካሳ ይገባኛል የሚል ከሳሽ ክሱን በአዋጁ ላይ ብቻ ሳያቆም የፍትሐ ብሔር ሕጉንም በግልጽ ቢጠቅስ ይበጀዋል የሚል እምነት አለኝ፡፡

ብዙዎች «በርትዕ» የምትለዋን ቃል እንደ ማምለጫ ያዩዋታል፡፡ «እኔ ባላስረዳም ፍርድ ቤቱ የመሰለውን ይወስንልኛል» ይላሉ፡፡ ርትዕ ግን የሚጠራው ጉዳቱ መድረሱ ታውቆ ልኩን መቁጠር ሲያስቸግር ነው፡፡ የተቻለውን ሁሉ ማስረጃ ላላቀረበ ሰው የሚሰጥ ምፅዋት አይደለም፡፡

አንድ ጥሰት፣ ሦስት ሒሳብ

ነገሩን በአኃዝ ለማሳየት አንድ የፈጠራ ምሳሌ ልውሰድ፡፡ ከሳሽ የተፈጨ በርበሬ አሽጋ በተመዘገበ የንግድ ምልክት የምትሸጥ ድርጅት ናት እንበል፡፡ አንዱን ፓኬት በ150 ብር ታስረክባለች፡፡ ተከሳሹ ምልክቷን በሚመስል ማሸጊያ ላይ አሳትሞ በ6 ወር ውስጥ 40,000 ፓኬት በ120 ብር ሸጠ፡፡

የመጀመሪያው ሒሳብ የከሳሿ የጎደለ ገቢ ነው፡፡ ድርጅቷ ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ወራት 180,000 ፓኬት ሸጣ ነበር፤ ዘንድሮ የሸጠችው 155,000 ነው፡፡ ጉድለቱ 25,000 ፓኬት ነው፡፡ እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይዘወተራሉ፡፡ አንደኛው 25,000ውን በ150 ብር ማባዛት ነው፡፡ ያልተሸጠ ፓኬት በርበሬ አልተገዛለትም፣ አልተፈጨም፣ አልታሸገም፡፡ ከሳሿ በእያንዳንዱ ፓኬት 105 ብር ወጪ ድናለች ካልን በፓኬት ያጣችው 45 ብር ብቻ ነው፡፡ ሁለተኛው ስህተት ጉድለቱን በሙሉ በተከሳሹ ላይ መጫን ነው፡፡ በዚያው ወቅት የከሳሿ ወፍጮ ተበላሽቶ 10,000 ፓኬት ሳይመረት ቀርቶ ከነበረ ያ ጉድለት ከጥሰቱ ጋር አይገናኝም፡፡ የሚቀረው 15,000 ፓኬት በ45 ብር ሲባዛ 675,000 ብር ይሆናል፡፡

«ተከሳሹ 40,000 ሸጧልና 40,000 ሽያጭ አጥቻለሁ» የሚለውም መከራከሪያ አያስኬድም፡፡ በ120 ብር የገዛ ሰው ሁሉ ሐሰተኛው ምርት ባይኖር ኖሮ 150 ብር ከፍሎ እውነተኛውን ይገዛ ነበር ማለት አይቻልም፡፡ አንዳንዱ ሌላ አምራች ይፈልግ ነበር፤ አንዳንዱም በርበሬውን ቤቱ ያስፈጭ ነበር፡፡

ሁለተኛው ሒሳብ የተከሳሹ ትርፍ ነው፡፡ 40,000 ፓኬት በ120 ብር 4,800,000 ብር ጠቅላላ ገቢ ይሰጣል፡፡ ለጥሬ ዕቃ፣ ለማስፈጫና ለማሸጊያ በፓኬት 85 ብር፣ ለማጓጓዣና ለደላላ 10 ብር ወጥቷል እንበል፡፡ ድምሩ 3,800,000 ብር ነው፡፡ የተጣራው ትርፍ 1,000,000 ብር ይሆናል፡፡

ሦስተኛው ሒሳብ የፈቃድ ክፍያ ነው፡፡ በዘርፉ እንዲህ ላለ ምልክት የሚከፈለው ከሽያጩ 5 በመቶ መሆኑ ቢረጋገጥ የ4,800,000 ብር 5 በመቶ 240,000 ብር ነው፡፡

እንግዲህ ከአንድ ጥሰት 675,000፣ 1,000,000 እና 240,000 ብር የሚሉ ሦስት መልሶች አገኘን፡፡ ሦስቱም በየመንገዳቸው ትክክል ናቸው፡፡ የሚያዋጣው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በጉዳዩ ባሕርይና በእጅ ባለው ማስረጃ ነው፡፡ ሦስቱን ደምሮ 1,915,000 ብር መጠየቅ ግን አይቻልም፡፡ ተከሳሹ ያተረፈው ገንዘብ በከፊል ከሳሿ ያጣችው ገንዘብ ነው፡፡ አንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ አይከፈልም፡፡

ትርፉን ማን ያስረዳል?

የተከሳሹን ትርፍ መጠየቅ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፡፡ በተግባር ግን የሒሳብ መዝገቡ ያለው በተከሳሹ እጅ ነው፡፡ ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1942 ሚሻዋካ የተባለ የጎማ ፋብሪካ ክሬስጌ በተባለ ቸርቻሪ ላይ ባቀረበው ክስ ይህን ጥያቄ ተመልክቶታል፡፡ ምልክቱ በጫማ ተረከዝ ጎማ መሐል የሚደረግ ቀይ ክብ ነበር፡፡ ክርክሩ ገዢው ዕቃውን የገዛው ለቀዩ ክብ ብሎ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት የሚል ነው፡፡ ፍርድ ቤቱ ትርፉ ከምልክቱ የመጣ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም የጣሰው ሰው ነው አለ፡፡ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግም ከሳሽ የተከሳሹን ሽያጭ ብቻ እንዲያስረዳ፣ ወጪውንና ተቀናሹን ግን ተከሳሹ ራሱ እንዲያስረዳ ያዛል፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ የሌላውን ስም ከራሱ ዕቃ ጋር ቀላቅሎ የሸጠ ሰው መለየት ቢያቅት ጉዳቱ የሚወድቀው በራሱ ላይ መሆን አለበት፡፡

ከጠቅላላው ገቢ ላይ ምን ይቀነሳል የሚለውም ብዙ ያከራክራል፡፡ በምሳሌያችን ተከሳሹ «የሱቅ ኪራይ፣ የዘበኛ ደመወዝና የመኪና ወጪ 600,000 ብር ይቀነስልኝ» ቢል ትርፉ ወደ 400,000 ብር ይወርዳል፡፡ እነዚህ ወጪዎች ሐሰተኛው በርበሬ ባይሸጥም ይወጡ ከነበሩ ሊቀነሱ አይገባም፤ የንግድ ሥራው የራሱ ወጪዎች ናቸውና፡፡ ለዚያ ምርት ተብሎ የተከራየ መጋዘን ቢኖር ግን ይቀነሳል፡፡ የጀርመን ፌዴራል የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ የኢንዱስትሪ ንድፍ ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ መስመር አስምሯል፡፡ ከጥሰቱ ጋር በቀጥታ ሊያያዝ የማይችል የአስተዳደር ወጪ ከትርፉ ላይ አይቀነስም ብሏል፡፡

በሌላ በኩል ደግሞ የተከሳሹ ትርፍ ሁሉ ከምልክቱ የመጣ ነው ማለት አይደለም፡፡ ለዚህ የቻይናው የኒው ባላንስ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው፡፡ የአሜሪካው የስፖርት ጫማ አምራች በቻይና ይጠቀምበት የነበረው «ሺን ባይሉን» የተባለ የቻይንኛ ስም ቀድሞ በአንድ የአገሩ ነጋዴ የተያዘ ነበር፡፡ የጓንግዡ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የኩባንያውን ትርፍ ግማሽ ወስዶ 98 ሚሊዮን ዩዋን እንዲከፈል ወሰነ፡፡ በይግባኝ የጓንግዶንግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ጥሰቱን አጽንቶ ካሳውን ወደ 5 ሚሊዮን ዩዋን አወረደው፡፡ ገዢዎች ጫማውን የገዙት በዋነኛነት ኩባንያው ራሱ ባካበተው ዝናና በሌሎች ምልክቶቹ ምክንያት እንጂ በተጣሰው የቻይንኛ ስም ምክንያት አይደለም የሚል ነው ምክንያቱ፡፡ ከሳሹ በጥሰቱ አሸንፎ በምክንያትና ውጤት ትስስሩ ላይ 93 ሚሊዮን ዩዋን አጣ ማለት ነው፡፡

የማን ትርፍ የሚለውም አብሮ ይታሰብ፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ዴውበሪ በተባሉ ሁለት ድርጅቶች መካከል በነበረው ክርክር ወደ 43 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የትርፍ ካሳ ሽሯል፡፡ የሥር ፍርድ ቤቶች የደመሩት የተከሳሹን እህት ኩባንያዎች ትርፍ ነበር፤ እነዚያ ኩባንያዎች ግን አልተከሰሱም፡፡ በእኛም አገር አንዱ አምራች፣ ሌላው አከፋፋይ፣ ሦስተኛው የባለቤቱ ዘመድ የሚያስተዳድረው ሱቅ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፡፡ ትርፉ የሚቀመጥበትን ድርጅት ሳይከሱ ትርፉን መጠየቅ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል፡፡

ፈቃድ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ

የተከሳሹ ንግድ ከስሮ ትርፍ የሌለው ቢሆንስ? ወይም የሒሳብ መዝገብ ጨርሶ ባይኖረውስ? ያን ጊዜ የፈቃድ ክፍያው መለኪያ ያገለግላል፡፡ ይህ መለኪያ ተከሳሹ አተረፈ አላተረፈ አይልም፡፡ ፈቃደኛ የሆነ ባለመብትና ፈቃደኛ የሆነ ተጠቃሚ ቁጭ ብለው ቢደራደሩ በስንት ይስማሙ ነበር? ብሎ ይጠይቃል፡፡

በእንግሊዝ የታየው የመኪና ተወዳዳሪው የኤዲ ኧርቫይን ጉዳይ ስለ ስም ያለፈቃድ መጠቀም ቢሆንም ስሌቱ ለእኛም ይጠቅማል፡፡ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የተወዳዳሪውን ፎቶግራፍ አስተካክሎ፣ ይዞት የነበረውን ሞባይል ስልክ በሬዲዮ ተክቶ ለማስታወቂያ ገዢዎች በተነ፡፡ የመጀመሪያው ዳኛ ተገቢው ክፍያ 2,000 ፓውንድ ነው አሉ፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 25,000 ፓውንድ ከፍ አደረገው፡፡ ልዩነቱን ያመጣው ማስረጃ ነው፡፡ ተወዳዳሪው ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ለማንም ስሙን እንደማያውስ ማስረዳት ችሏል፡፡

ከዚህ የምንረዳው የትናንት ውል የዛሬ ማስረጃ መሆኑን ነው፡፡ ምልክቱን በክፍያ ለሌሎች አከራይቶ የሚያውቅ ነጋዴ ውሉን አቅርቦ «ገበያው ይህን ያህል ይከፍላል» ማለት ይችላል፡፡ በእኛ አገር ግን በስም መጠቀም አብዛኛውን ጊዜ በቃል ስምምነት፣ በዝምድናና በይሉኝታ ስለሚሆን ይህ ማስረጃ ይጎድላል፡፡

መለኪያው የራሱ ወሰንም አለው፡፡ የቡናችንን ታሪክ እናስታውስ፡፡ ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመልክታ ከአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃውሞ ገጥሟት ነበር፡፡ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ፡፡ ኢትዮጵያ የመረጠችው መንገድ ቡና ቆይዎች በስሞቹ ያለ ሮያሊቲ ክፍያ እንዲጠቀሙ ፈቃድ መስጠት ነው፡፡ ዓላማው ስሙ በመላው ዓለም ታውቆ የቡናው ዋጋ ከፍ እንዲል ነው፡፡ እንግዲህ ፈቃድ ሳይወስድ የሌላ አገር ቡና በይርጋጨፌ ስም የሚሸጥ ቢገኝና ካሳው በሮያሊቲ ብቻ ቢሰላ መልሱ ዜሮ ይመጣል፡፡ ጉዳቱ ግን ዜሮ አይደለም፡፡ ያለክፍያ የሚሰጥ ፈቃድም ቢሆን ስሙ በእውነተኛው ቡና ላይ ብቻ ይዋል የሚል ግዴታ አለው፡፡ እንዲህ ባለው ጉዳይ የሚያዋጣው የአታላዩን ትርፍ መከተል ነው፡፡

ስም ሲጎድፍ

ከሁሉ የሚያስቸግረው በስም ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው፡፡ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ በታወቀ ስም ገዝታ የተበሳጨች እመቤት ለጎረቤቷ ትነግራለች፡፡ ሐሰተኛው ምርት ከገበያ ከወጣ በኋላም ወሬው ይቀራል፡፡ ይህን እንዴት እንቁጠረው?

አንዱ መንገድ ስሙን ለማደስ የሚያስፈልገውን ወጪ ማስላት ነው፡፡ በአሜሪካ ቢግ ኦ የተባለ ትንሽ የጎማ ነጋዴዎች ድርጅት «ቢግ ፉት» በሚል ስም ጎማ መሸጥ እንደጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ግዙፉ ጉድይር በዚሁ ስም ታላቅ የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈተ፡፡ ትንሹ ድርጅት የገዛ ስሙን የሰረቀ መሰለ፡፡ ጉድይር ለዘመቻው 9,690,029 ዶላር አውጥቷል፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ካሳውን ያሰላው እንዲህ ነው፡፡ ቢግ ኦ የሚሠራው ከ50ዎቹ ግዛቶች በ14ቱ በመሆኑ የዘመቻውን ወጪ 28 በመቶ ወሰደ፡፡ አንድን የተሳሳተ ማስታወቂያ ለማረም የወጪውን ሙሉ ያህል ማውጣት አያስፈልግም፣ 25 በመቶው ይበቃል አለ፡፡ ውጤቱ 678,302 ዶላር ሆነ፡፡ የመቅጫ ካሳው ለብቻው ተሰልቷል፡፡ ቁጥሩ ላይ መስማማት አለመስማማት ይቻላል፡፡ የሚደነቀው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው፡፡ በእኛም ፍርድ ቤቶች «ለስሜ መጉደፍ 2 ሚሊዮን ብር» ከሚል ደረቅ ጥያቄ ይልቅ የሬዲዮና የጋዜጣ ማስታወቂያ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ከገበያ ለተሰበሰበው ዕቃ የወጣ ወጪና ከደንበኞች የመጡ የቅሬታ ደብዳቤዎች ቢቀርቡ ዳኛው የሚይዘው ነገር ያገኛል፡፡

ሳላውቅ ነው ቢልስ?

ተከሳሾች ዘወትር የሚያነሱት መከላከያ «ምልክቱ የሌላ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር» የሚል ነው፡፡ በወንጀል በኩል ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፡፡ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በከባድ ቸልተኝነት ለፈጸመው ቅጣቱ ዝቅ ያለ ነው፡፡ በካሳ በኩል ግን ሁኔታው ይለያል፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሮማግ በተባለ የቦርሳ ማያያዣ አምራችና ፎሲል በተባለ ኩባንያ መካከል በነበረው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2020 የተከሳሹን ትርፍ ለመውሰድ ሆን ብሎ መፈጸሙን ማስረዳት ቅድመ ሁኔታ አይደለም ብሏል፤ የሐሳቡ ሁኔታ ግን በሚዛኑ ላይ ከባድ ቦታ እንዳለው አልካደም፡፡ የአዋጃችን አንቀጽ 40ም የትርፉን መለኪያ ከተከሳሹ ሐሳብ ጋር አላያያዘውም፡፡ ትርፍ መመለስ በሰው ንብረት ያለአግባብ የበለፀገ ሰው ያገኘውን እንዲመልስ ከማድረግ ጋር ይቀራረባል፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 መንፈስም ይኸው ነው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ብዙ ባለመብቶች ነገሩን ወደ ፖሊስ ወስደው እዚያው ይተዉታል፡፡ እስራቱ ሌላውን ያስፈራ ይሆናል፤ የጎደለውን ሽያጭ ግን አይመልስም፡፡ ካሳ የሚፈልግ ሰው የካሳውን ሒሳብ ራሱ መሥራት አለበት፡፡

ከክሱ በፊት የሚሠራው ሥራ

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ ወደ አንድ ተግባራዊ ምክር ይወስደናል፡፡ የካሳ ክርክር የሚሸነፈውም የሚረታውም አብዛኛውን ጊዜ ችሎት ከመግባቱ በፊት ነው፡፡

አንደኛ፣ ምልክቱን ማስመዝገብና ምዝገባውን በወቅቱ ማደስ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ የሽያጭን መዝገብ በምርት ዓይነት፣ በወርና በአካባቢ ለይቶ መያዝ ነው፡፡ «ሽያጬ ቀነሰ» የሚል ሰው ከመቀነሱ በፊት ስንት እንደነበረ ማሳየት ይኖርበታል፡፡ ለታክስ ሲባል ሽያጩን አሳንሶ ሲያስታውቅ የኖረ ነጋዴ ደግሞ ለካሳ ሲባል ትልቅ ሽያጭ ነበረኝ ቢል የሚመጣበትን መስቀለኛ ጥያቄ ራሱ ያውቀዋል፡፡

ሦስተኛ፣ የተከሳሹን የሽያጭ መጠን ከተከሳሹ ቃል ውጪ ማጣራት ነው፡፡ ማሸጊያውን ያተመው ማተሚያ ቤት ስንት ሺሕ አተመ? የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኞቹ ምን ያሳያሉ? ዕቃው ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ሰነዱ ላይ የሰፈረው ብዛት ስንት ነው? አከፋፋዮቹ እነማን ናቸው? እነዚህ ሰነዶች በሌላ ሰው እጅ ቢሆኑም ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርባቸው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ማመልከት ይቻላል፡፡ ሆኖም ምን ሰነድ፣ የት እንዳለ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡

አራተኛ፣ ጥሰቱን እንዳወቁ ዝም አለማለት ነው፡፡ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ፣ ናሙና በደረሰኝ መግዛት፣ እግድ መጠየቅ ጉዳቱ እንዳይሰፋ ያደርጋል፡፡ አንቀጽ 2102 ተጎጂው የወሰዳቸውን እርምጃዎች ተመልከቱ ሲል በርትዕ የሚሰላው ካሳ ላይ ዝምታም እንደሚታይ ያስታውሰናል፡፡ አምስተኛ፣ ክሱ ከመጻፉ በፊት ከሒሳብ አዋቂ ጋር ቁጭ ብሎ ከሦስቱ መንገዶች የትኛው እንደሚያዋጣ አስልቶ መምረጥ ነው፡፡ ወለዱም አይረሳ፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1751 ያስቀመጠው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፡፡ በዚህ ልክ ቢሰላ የ1,000,000 ብር ካሳ የ2 ዓመት ወለድ 180,000 ብር ይሆናል፡፡

ለዳኞቻችንም አንድ ሐሳብ ላቅርብ፡፡ ካሳው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ስሌቱ በፍርዱ ውስጥ ተዘርዝሮ ቢጻፍ ተከራካሪው ለምን እንዳገኘ ወይም እንዳጣ ያውቃል፤ ይግባኝ ሰሚውም የሚመረምረው ነገር ያገኛል፡፡ ሌላው ነጋዴም የሰው ስም መለጠፍ ስንት እንደሚያስከፍል ቀድሞ መገመት ይችላል፡፡ ካሳው ከትርፉ ካነሰ ጥሰት እንደ አንድ የንግድ ወጪ ይቆጠርና አዋጪ ሥራ ይሆናል፡፡ በዚያ ገበያ ለጥራት የሚደክም አምራች ደግሞ ድካሙ የሌላ ሰው ካፒታል ሆኖ ይቀራል፡፡